የክንዱ የክርስትና ስም

ባሕር ዳር፣ በመስከረም ማለቂያ

ይድረስ ለክንዱ እናት፣ ለእማማ።

እንዴት ሰነበቱ እማማ? ዓይንዎ እንዴት ሆነልዎ? ጉልበትዎስ? እናንተም ዘንድ ዝናቡ አልቆም ብሎ ማሳው ውሃ እንደቋጠረ፣ ሽንብራም ሳይዘራ እንደቆየ ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ ሽንብራ ነጋዴዋ የብርጓል ነግራኛለች። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ቆሜ እሄዳለሁ፤ ፋብሪካ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ስደውል ድምፄን ሲሰሙ ስልኩን እንደሚዘጉት ስላየሁ በደብዳቤ መጣሁ። ዳዊት የሚደግም ሰው የተጻፈ ነገር ሳያነብ አይጥልም ብዬ ነው። ቢቆጡኝም አንብበው ይቆጡኝ።

ወሬዬን ከደብራችን ልጀምር። ፍልሰታ እንደተፈታ ሰበካ ጉባኤው ምእመናኑን ሰብስቦ የመጪው ዓመት ራእይና ዓላማ ይነገራል አለ። ሊቀ መንበሩ ባምላክ የባንክ ሰው ነው፤ ክንዱ "ይህ ሰው ጸሎቱንም በፐርሰንት ነው የሚያደርሰው" እያለ ይስቅበት ነበር። ነጭ አንሶላ አስወጥሮ፣ በፕሮጀክተር ራእይ፣ ተልእኮ፣ ግብ እያለ አሳየን። በአጥሩ ዙሪያ የሚከራዩ ሱቆች፣ በሐይቁ በኩል የእንግዳ ማረፊያ፣ ለመኪና ማቆሚያ ጠጠር። ክፉ አልነበረም፤ የደብራችን ጣራ ያፈሳል፣ ካህናቱም ተቸግረዋል። ሰዉ ማጨብጨብ ጀምሮ ነበር።

ያን ጊዜ የደብሩ ሽማግሌ ቄስ ጥዑመ ልሳን መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። እሳቸው ራእይ ሲባል የሚያውቁት ዮሐንስ በፍጥሞ ያየውን እንደሆነ ተናገሩ፤ ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ይህ ሐይቅና ይህ መንገድ በነዚህ ዓመታት የበሏቸው ልጆቻችን መቃብር የላቸውም፣ ፍትሐትም አላገኙም። እናንተ በሐይቁ በኩል ማረፊያ ልትሠሩ ነው። በዚያ በኩል የቆሙትን እንግዶች መጀመሪያ ማን ያሳርፋቸው?" አሉ። ከሴቶቹ አንዷ ጮኸች፤ ከዚያ ሁላችንም። ባምላክ ማሽኑን አጥፍቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለካ እሱም የጠፋ ወንድም ነበረው፤ ስንት ዓመት አብረን ስናስቀድስ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም።

የዓመቱ ዓላማ ሆኖ የጸደቀው እንግዲህ ይኸው ነው። በየወሩ በሚካኤል ቀን መቃብር የሌላቸውን ሁሉ በክርስትና ስማቸው እየጠሩ ፍትሐት ማድረስ። ሱቁም ማረፊያውም ለከርሞ ተባለ።

እኔም ተሰልፌ ቄስ ጥዑመ ልሳን ፊት ደረስሁ። ስሙን ሲጠይቁኝ "ክንዱ" አልሁ። ይህ የሰፈር ስሙ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ማን ተብሎ ነው አሉኝ። እማማ፣ እኔ የባሌን የክርስትና ስም አላውቀውም። ሰው ቢሰማኝ ይስቅብኛል። በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመን እንጂ በቁርባን አልተጋባንም፤ እርስዎም እስከ ዛሬ ይህንኑ ቂም ይዘውብኛል፣ አይፈረድብዎትም። በጠየቅሁት ቁጥር፣ ክፉ ሰው ሰምቶ መተት እንዳይሠራበት እናቴ ደብቃዋለች፣ አደራ ብላኛለች እያለ ያልፈው ነበር። የክርስትና አባቱም አርፈዋል። እንግዲህ በዚህ ምድር ላይ ያን ስም የሚያውቀው የእርስዎ አፍ ብቻ ነው። ሚካኤልን ይወድ ስለነበር ገብረ ሚካኤል ሳይሆን አይቀርም ብል፣ ቄሱ ነፍስ በግምት አይጠራም ብለው ገሠጹኝ።

የመስከረም ሚካኤል ዕለት ካህናቱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሐይቁ ወረዱ። ስም በተጠራ ቁጥር የዚያ ሰው ዘመድ ይነሣል። ከምእመናኑ አንዷ ሙሉነሽ ለሁለት ልጆቿ ሁለት ጊዜ ተነሣች። የጎረቤቴ ባል ተጠራ፣ የባምላክ ወንድም ተጠራ። እኔ እንደተቀመጥሁ ቀረሁ። ስሞቹ ሲያልቁ ቄስ ጥዑመ ልሳን ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። ከዚያ አሳረጉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ክንዱ ይመጣል እማማ። አበደች አይበሉኝ። አመሻሽ ላይ ከፋብሪካ ገብቼ እግሬን ስታጠብ ከአጥሩ ውጭ ይስላል። ያችን ሳል ያውቋታል፤ ቤት ሲደርስ መጣሁ ለማለት የሚስላት፣ አባቱም እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ይነግረኝ ነበር። የጎረቤቴ ውሻ ጅራቱን እየቆላ እስከ በሩ ይሄዳል። ስከፍት ማንም የለም፤ የበሰበሰ እንቦጭ ሽታ ብቻ ደጃፉን ይሞላዋል። የመጀመሪያ ቀን ደስ አለኝ። ግባ አልሁት። በማግስቱ ለመንሁት። አሁን ግን ፈራሁ። ትከሻው ላይ ስተኛ የኖርሁትን ሰው ፈራሁት፤ ከዚህ የባሰ ምን አለ? እኔ እንደሚመስለኝ ስሙ ካልተጠራ መግባትም መሄድም አይሆንለትም።

እርስዎ ልጄ አልሞተም ይላሉ። የተሳፈረባት ጀልባ ከመስጠሟ በፊት ከደሴቶቹ ባንዱ ወርዶ መንኩሷል ብሎ አንድ ባሕታዊ እንደነገረዎት ሰምቻለሁ። በልጄ ላይ ጥቁር እንዳትለብሺ ብለውኝ አልለበስሁም። ነጭም አልለበስሁም። የሰፈሩ ሰው እግዚአብሔር ያጽናሽ ይበለኝ፣ እግዚአብሔር ያምጣልሽ ይበለኝ ጨንቆት መንገድ ይቀይርብኛል። እኔስ ምነው መንኩሶ በሆነ! ባሏ ጥሏት ሄደ የሚባልባት ሴት ብሆን ደስታዬን አልችለውም ነበር።

ሌላም ልንገርዎ፤ ከሆድ ያለ ነገር ይሻግታል። መንገዱ ተዘግቶ ሳለ፣ ዓይኔ ሳይጠፋ ልይህ ብለው ባይልኩበት ኖሮ በጎርጎራ በኩል አደርሳለሁ ብሎ የዓይን ጠብታዎን ይዞ ያችን ጀልባ ባልተሳፈረ እያልሁ አንድ ሰሞን ከስሼዎታለሁ። ለሰው አልተነፈስሁም፤ በልቤ ነው። አሁን አልከስዎትም። እናት ልጇን መጥራቷ ኀጢአት አይደለም። ማዕበሉን ያስነሡት እርስዎ አይደሉም። እርስዎም ራስዎን መክሰስ ይተዉ፤ አልሞተም የሚሉት ስለዚህ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሞቷል ብለው ይጻፉልኝ አልልዎትም። ስሙን ብቻ። የጥቅምት ሚካኤል እየቀረበ ነው፤ የብርጓል ከዚያ በፊት የአምናውን ሽንብራ ይዛ ትመለሳለች። በቁራጭ ወረቀት ላይ ያችን አንዲት ስም ጽፈው ይስጧት፤ ሌላ ምንም አይጻፉ፤ እኔም ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም። መተት እንዳያገኘው የደበቁት ስም ነበር፤ እንግዲህ ከማን ይደብቁታል?

እንዳላስደነግጥዎ ብዬ እስከዚህ ያቆየሁት አንድ ነገር አለ። ባለፈው ሰንበት አንድ ዓሣ አጥማጅ ከደንገሉ ሥር ያገኘውን ትንሽ ነገር ለቄስ ጥዑመ ልሳን አምጥቶ ነበር። እሳቸውም የጠፋብንን ሴቶች ጠርተው በየተራ አሳዩን። እያንዳንዷ በእጇ ይዛ ታገላብጣለች፤ የእኔ አይደለም ትላለች፤ ማመስገኗ ይሁን ማዘኗ ሳይለይ ለቀጣይዋ ታሳልፋለች። እኔ ዘንድ ደረሰ። እርስዎ ማተቡን ጥቁርና ሰማያዊ አድርገው ሲፈትሉት፣ ጫፉን ሦስት ጊዜ ቋጥረው በሕፃን አንገት ላይ ሲያስሩት በዓይኔ አላየሁም። ክንዱ ነው የነገረኝ። የእኔ አይደለም ብዬ አሳለፍሁት።

በማግስቱ ሄጄ ቄሱን ለመንኋቸውና ሰጡኝ። አልዋሸሁም እማማ፤ የእርስዎ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ለየብርጓል ሰጥቻታለሁ፣ ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ ትሰጥዎታለች። ቋጠሮውን አልነካሁትም።

የወለደ አንጀትዎን እግዚአብሔር ይጠግንልዎ። ለዓይንዎ ብርሃኑን አይንሳዎ። በጸሎትዎ አይርሱኝ፤ የእኔ የክርስትና ስም ወለተ ሚካኤል ነው።

ምራትዎ