ከቁምሳጥኑ ጀርባ

ረቡዕ፣ ጥር 7

ነገ ጽዳቶቹ ይመጣሉ። ስለዚህ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሳጸዳ ዋልኩ።

ጎረቤቴ ጡረተኛው ሹፌር በረንዳ ላይ ምንጣፍ ሳራግፍ አይቶኝ ሳቀብኝ። «ለጽዳት ሠራተኛ ብሎ ቤት የሚያጸዳ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!» ይሳቅ። የሰው ልጅ ቆሻሻዬን አይቶ «ሴትዮዋ ለካ እንዲህ ናት» ይበለኝ? ሞቼ እገኛለሁ!

ይሄ የጽዳት ድርጅት የገባው ከጉልበቴ ኦፕራሲዮን ወዲህ ነው። በየሁለት ሳምንቱ፣ ሐሙስ ሐሙስ። የምታስመጣቸው ታናሽ እህቴ ቅምጥሌ ናት። (ስሙን ያወጣችላት እማዬ ናት። ሃምሳ ሊሞላት ነው፣ አሁንም ቅምጥሌ ነች።) «እትዬ፣ ስንት ዘመን አጸዳሽ! አሁን ደግሞ ይጸዳልሽ» ስትለኝ እንባዬ መጣ። አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ... ለወግ በቃሁ አልኩ።

በመሀል ያሉት አሥራ ሦስት ቀናት ግን የኔ ናቸው። የጽዳቶቹ አለቃ ባለጓንቷ (ያለ ጓንት አይቻት አላውቅም) ደህና አድርጋ አስተምራኛለች። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች። ወለል መጨረሻ። ገንዳውን ተጠቅሞ ወዲያው ማድረቅ። ቀይ ጨርቅ ለመጸዳጃ፣ ሰማያዊ ለመስታወት፣ ቢጫ ለማድ ቤት። «እማማ፣ እርስዎ እኮ ከኛ ይበልጣሉ» ትለኛለች።

እሷም የማታውቀው አንድ ነገር አለ። በእማዬ ክፍል ከትልቁ ቁምሳጥን ጀርባ ያለው ግድግዳ ያልበዋል። ውጭ የሚያልፈው የዝናብ ቧንቧ ነው መሰል... በየሦስት ቀኑ የመጥረጊያ እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ፣ አቼቶ ነክሬ፣ በጠባቡ ክፍተት አስገብቼ እወለውለዋለሁ። ሳምንት ከተተወ ይሻግታል። እማዬ ከመሞቷ በፊት አደራ ያለችኝ ነው። «የቤት ገመና ነው፣ ለማንም አታሳዪ።» ቅምጥሌ እንኳ አታውቅም። እሷ መቼ መጥረጊያ ይዛ ታውቃለች?

ሐሙስ፣ ጥር 8

ቅምጥሌ በሦስት ሰዓት በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች። አንኳክታ አታውቅም። ምን አስቸገራት፣ እማዬ ለሁለታችን የተወችው ቤት ነው።

«የኬሚካሉ ሽታ ደረትሽን ያፍንሻል፣ እኔ ጋ ምሳ ትበያለሽ።» ሁሌም እንዲህ ናት። ሄድኩ። ባሏ ጨዋታ አበዛ። ሌላ ጊዜ አፉን የሚከፍተው በግድ ነው፣ ዛሬ ምን ነካው?

አሥር ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ቤቱ መስታወት ሆኗል። ግን... የመጸዳጃው መቀመጫ ወደ ላይ ተነስቷል። እዚህ ቤት ወንድ ከገባ ስንት ዘመኑ! በረንዳው ላይ ደግሞ የጫማ ዱካ። ትልቅ፣ የወንድ። ባለጓንቷና ጓደኛዋ ጫማቸው ላይ ላስቲክ ሳያጠልቁ አይራመዱም፤ ሁለቱም ደግሞ ሴቶች ናቸው።

ደወልኩላት። «ኧረ እትዬ! ቧንቧ የሚያይ ሰው ልኬ ነው። መርማሪ ሆንሽ እንዴ?» ሳቅን። ዱካውን ወለወልኩት።

እሁድ፣ ጥር 11

የግድግዳ ቀን። ከቁምሳጥኑ ጎን በእርሳስ የተጻፈ ነገር አገኘሁ። አጭር ጭረት፣ አጠገቧ ቁጥር። ሰው ግድግዳውን ለክቶታል። ቧንቧ የሚያይ ሰው መኝታ ቤት ምን ይለካል?... በላጲስ አጠፋሁት።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ምሳ እህቴ ጋ። ከማድ ቤታቸው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ክፍል ባዶ አድርገዋታል። በፊት አሮጌ ጎማና ካርቶን የሚታጨቅባት ነበረች። «እትዬ፣ ምን ቀለም ደስ ይልሻል?» አለችኝ።

«ለማን ነው?»

«ለእንግዳ።»

ውሃ ሰማያዊ አልኳት። አቅፋ ሳመችኝ። ምን እንዲህ አስደሰታት እላለሁ... ደስ ካላት ደስ ይበላት። ዛሬ ቤት ስመለስ የሽቶ ሽታ ጠበቀኝ። የባለጓንቷ አይደለም። የኔም አይደለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ቅምጥሌ ደወለች። ሳሎኑ ተጨናንቋል፣ ለጽዳት አይመችም። ፎቶዎቹን ባወርዳቸው፣ የእማዬን ወንበር ወደ ጓዳ ባስገባው... እውነቷን ነው፣ ፎቶ አቧራ ይስባል። በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ካርቶን ውስጥ ከተትኳቸው። መጨረሻ ያወረድኩት ትልቁን ነው። እማዬ ተቀምጣለች፣ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቆሜያለሁ፣ ቅምጥሌ ጀርባዬ ላይ ታዝላ አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል። ፎቶው የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ፈትጌ ከሌላው ጋር አመሳሰልኩት። ጉልበቴ አሳበደኝ፣ ግን ሳሎኑ አማረ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ጽዳቶቹ ሌላ ቤት ሥራ ተሰርዞባቸው ቀድመው መጡ። ቅምጥሌ አልደረሰችም ነበር። ባለጓንቷ ባልዲዋን አስቀምጣ ዙሪያውን አየች።

«እማማ፣ ፎቶዎቹንም አወረዱ? መቼ ነው የሚለቁት?»

«የቱን?»

«ቤቱን ነዋ። ባለፈው የመጡት ባልና ሚስት ወደውታል አሉ። ከነሱ በፊት ሜትር ይዘው የመጡት ሰውዬ ግን...» ፊቴን አየች። «እማማ? እህትዎ እኮ ‹ታውቃለች› ብለውናል።»

ተቀመጥኩ። ጓንቷን አውልቃ እጄን ያዘችኝ። እጇን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፣ በኬሚካል ተሰነጣጥቋል። «እኛን የሚጠሩን ገዢ በሚመጣበት ቀን ነው» አለች ቀስ ብላ። «‹ቤቱ እንዴት ያምራል› ይሉናል። እኛ ምን እናጸዳለን፣ እማማ? ጸድቶ ነው የምናገኘው።»

እኔ ነኝ ለካ! ከራሴ ቤት ልባረር በጉልበቴ ተንበርክኬ የፈተግኩት እኔው ነኝ!

ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። «እትዬ፣ እንሂድ?» ፊቷ ላይ ምንም የለም። ምንም! ሄድኩ። ምሳዬን በላሁ። ምነው ዝም አልኩ? አፍሬ ነው። እሷ ልታፍር ሲገባ እኔ አፈርኩ። ከምሳ በኋላ ትንሿን ክፍል አሳየችኝ። ውሃ ሰማያዊ ተቀብታለች። አንድ አልጋ ገብቷል፣ ለአንድ ሰው። እንግዳዋ ማን እንደሆነች ያኔ ገባኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

እርር ድብን ብዬ ነጋ።

ውክልናው ትዝ አለኝ። ለጉልበቴ ሆስፒታል ልገባ ስል ያስፈረመችኝ። «እትዬ፣ ለመብራትና ለውሃ አንቺን ወረፋ ማቆም ነውር ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ።» መነጽሬን እንኳ አላጠለቅኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሞኟ ወረቀቱን ለቅቄ ሰጠኋት።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር። ትዳር ሲመጣልኝ «ልጅቷ ትማር» ብዬ የመለስኩት ለማን ነበር? ለጫማዋ፣ ለደብተሯ... አልቆጥርም። መቁጠር ከጀመርኩ አላቆምም። ብትጠይቀኝ ኖሮ? «እትዬ፣ ጨንቆኛል፣ ቤቱን እንሽጠው» ብትለኝ? እሺ እላት ነበር እኮ! ያ ነው አንጀቴን የሚበላው። እሺ እላት ነበር።

እሁድ፣ የካቲት 9

የግድግዳ ቀን። አልወለወልኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

አቼቶውን አወጣሁ፣ ጨርቁን ነከርኩ፣ ክፍተቱ ፊት ቆምኩ። ከዚያ ጨርቁን ጨምቄ ሰቀልኩት። ሳሎኑን፣ መስታወቱን፣ ማድ ቤቱን አጸዳሁ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ወለል መጨረሻ። ግድግዳውን ግን አልነካሁም።

ደወለች። «ቤቱን እየያዝሽው ነው አይደል፣ እትዬ?» እየያዝኩት ነው አልኳት።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ሸተተ። ባትሪ አብርቼ አየሁ። ጥቁር ነጠብጣብ ከታች ተነስቶ ወገቤ ጋ ደርሷል። እማዬ፣ ይቅር በይኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል አደራሽን ጠብቄያለሁ፤ አሁን ግን የማንን ገመና ነው የምሸፍነው?

ሐሙስ፣ የካቲት 20

«ጉልበቴ ተነስቶብኛል፣ ዛሬ አልወጣም» አልኳት። ቅምጥሌ ደነገጠች። ለመነች፣ ተቆጣች፣ ሰዓቷን አየች። ከወንበሬ አልነቃነቅ አልኩ። አራት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ባልና ሚስት፤ ቤቱን ወደዱት የተባሉት መሆን አለባቸው። ሚስትየዋ እርጉዝ ናት፣ ሆዷ ገፍቷል።

«ጓደኞቼ ናቸው» አለች እህቴ። ፊቴ ላይ! ባለጓንቷ አንገቷን ደፍታ መስታወት ትወለውላለች።

እርጉዟ የዋህ ቢጤ ናት። የእማዬን ክፍል አይታ «ይሄ ለሕፃኑ ይሆናል፣ አይደል?» አለች ለባሏ። ከዚያ ወደኔ ዞራ፦ «እናቴ፣ እንዴት ብለው ነው እንዲህ ንጹሕ የሚይዙት?»

ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም ነበር። ሻጋታው ራሱ ይናገራል፣ እኔ ዝም እላለሁ ብዬ ነበር ሐሳቤ። ግን ሆዷን አየሁ። እዚህ ሻጋታ ሥር ሕፃን ሊያስተኙ...

«ልጄ፣ ከቁምሳጥኑ ጀርባ እዪ» አልኳት።

«ከባድ ነው፣ አይነሳም!» አለች ቅምጥሌ። ባልየው ግን ትከሻውን ሰጥቶ ገፋው። ግድግዳው ግማሽ ድረስ ጠቁሯል። እርጉዟ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። ባልየው እህቴን «ይሄን ያውቁ ነበር?» አላት።

«እሷ አታውቅም» አልኩ። «በየሦስት ቀኑ የምወለውለው እኔ ነኝ። የቤቱ ግማሽም የኔ ነው። እንደሚሸጥ የነገረኝ ግን የለም።»

ሰውዬው እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ «ይቅርታ፣ እናቴ» ብሎ ወጣ። ጽዳቶቹም ባልዲያቸውን ይዘው ተከተሉት።

ሁለታችን ቀረን። «ምን አደረግሽኝ?» አለች። «ያዋረድሽኝ በሰው ፊት ነው! ባለቤቴ ሥራው ተበላሽቶበታል፣ የምንይዘው የምንጨብጠው ጠፍቶናል። ደግሞ ሜዳ ላይ ልጥልሽ ነው? ክፍል አዘጋጀሁልሽ እኮ!»

«ቀለሙን አስመረጥሽኝ» አልኳት።

«እንድትወጂው ብዬ ነዋ!»

እውነቷን ይመስለኛል። እንድወደው ብላ ነው። ይሄ ከሁሉ ባሰብኝ። አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። አልተቃቀፍንም።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ጡረተኛው ሹፌር በመኪናው ውልና ማስረጃ ቢሮ ወሰደኝ። ውክልናውን አነሳሁ። መነጽሬን አጥልቄ እያንዳንዷን ቃል አንብቤ ነው የፈረምኩት፤ ጸሐፊው ሰለቸው። ስንመለስ የቁልፍ ሠራተኛ ጠራን። ሹፌሩ «ብልጥ ለብልጥ፣ ዓይን ብልጥጥ!» ብሎ ሳቀ። እኔን አላሳቀኝም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

የጽዳት ቀን ነበር። ማንም አልመጣም። ትናንትም ለማንም ብዬ አላጸዳሁም። የትናንት ስኒ ገንዳው ውስጥ እስከ ጠዋት አደረች። ቤቱ አልፈረሰም።

ግድግዳውን ፈተግኩት። እንደ በፊቱ እሺ አይልም፣ ጥላው ቀርቷል። ቁምሳጥኑን አልመለስኩትም፣ ክፍሉ መሀል ቆሟል። ንፋስ ያግኝ። የሚያይም ይየው። ፎቶዎቹን ሰቀልኩ። ከዚያ ወለሉን፣ በሩን፣ ከበሩ ውጭ ያለውን ደረጃ ወለወልኩ።

ደረጃው ገና ሳይደርቅ የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ። ገባ፣ አልዞር አለ። ወጣ። እንደገና ገባ። በሩ ጀርባ ጨርቄን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«እትዬ... ቁልፉ እምቢ አለኝ።»

ያቺ ድምፅ! በልጅነቷ ስትወድቅ የምትጠራኝ ድምፅ ናት። እጄ ወደ መክፈቻው ሄደ።

«አንኳኪ» አልኳት።

«ምን?»

«እንደ ሰው አንኳኪና እከፍትልሻለሁ።»

ጠበቅኩ። ትንፋሿ ይሰማኛል። አንዲት ጊዜ ብቻ ብታንኳኳ... እጄ መክፈቻው ላይ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። አላንኳኳችም። ደረጃውን ስትወርድ ሰማኋት።

ከፍቼ አየሁ። እርጥቡ ደረጃ ላይ የጫማዋ ዱካ እስከ በሬ መጥቶ ተመልሷል። አሁን ደርቋል፣ ጭቃው ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ጊዜ ቢወለወል ይለቃል።

እስካሁን አልወለወልኩትም።