ፍሬን ሳይረገጥ ስለሚበራው መብራት

ለተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ከዚያ ከሚሽከረከር ወንበር ተነሥተው አይቼዎት ስለማላውቅ፣ ብዙ መቀመጥ ጎድቶዎት እንዳይሆን ከልቤ አስባለሁ።

እኔ ተማሪዎች የማመላልስ ሾፌር ነኝ። ያቺን ዳገት ላይ የምታስል አሮጌ ቫን ሠራተኞችዎ በሙሉ ያውቋታል፤ ልጆቹ «እማማ» ይሏታል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ የጽሕፈት ቤትዎ የረቀቀ የሥራ ጥበብ በአራት ግድግዳ መካከል ተቀብሮ መቅረቱ ስላንገበገበኝ ነው።

አንደኛ፤ ላለፉት ዓመታት ምርመራዎ ምስጋና ይገባዎታል። የእማማ የፍሬን መብራት ስዊች ከፔዳሉ ሥር ተጣብቆ ስለነበር፣ የኋላ ቀይ መብራቷ ሞተር ከተነሣ እስኪጠፋ ድረስ አይጠፋም ነበር። ብሄድም ይበራል፣ ብቆምም ይበራል። እኔ ከመሪው ኋላ የምቀመጥ ሰው ነኝና አላየሁትም፤ ከውጭ እንዲያዩልኝ የተቀጠሩት ባለሙያዎችዎ ግን በየዓመቱ አይተው፣ አድንቀው፣ «የፍሬን መብራት፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ቦሎዬን ሲለጥፉልኝ ኖረዋል። ይህን ውለታዎን ያወቅሁት እግረኛ ላሳልፍ ስቆም ዱቄት የጫነ መኪና ከኋላ የገጨን ጊዜ ነው። ሾፌሩ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ እያለቀሰ፣ መብራትህ ከመንገዱ መጀመሪያ አንሥቶ እንደበራ ነው፣ መቆምህን በምን ልወቅ አለኝ። መጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠችው የራሴ ልጅ ነበረች፤ ክንዷ ተሰበረ።

ሁለተኛ፤ በአላዋቂነቴ መብራቱን አሻሻልኩ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ስዊቹን ለወጠ፣ የደበዘዙትን አምፖሎች አውጥቶ በደማቅ ኤልኢዲ ተካቸው፣ የተላጠውን ሽቦ አደሰ፣ የኋላው መስታወት ላይም ሦስተኛ መብራት ጨመረልኝ። ከዚያ እኔ ፍሬን ስረግጥ ባለቤቴ ከኋላ ቆማ «በራ!»፣ ስለቀው «ጠፋ!» እያለች በጩኸቷ ጎረቤቱን ሁሉ ከቤቱ አስወጣችው። ልብ ይበሉልኝ ክቡርነትዎ፣ ሁለት ሰው ነበርን፤ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ያያል። ይህ ምስጢር ጽሕፈት ቤትዎ ገና እንዳልደረሰ በወቅቱ አላወቅሁም።

ሦስተኛውን የምጽፈው ሳቄን እየዋጥኩ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በመመሪያዎ መሠረት ባለንብረት ከመኪናው ወርዶ ከቢጫው መስመር ወዲያ ይቆማል። የታደሰችውን እማማን ለዘንድሮው ምርመራ ሳቀርባት መርማሪዎ ብቻውን ገባ፤ ፍሬኑን ረገጠ፤ ወረደ፤ ዞሮ ወደ ኋላ ሄደ፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ መብራቱ ጠፍቷል። «አይሠራም» ብሎ ጻፈ። ጌታዬ፣ እግርህን ከፔዳሉ ስላነሣህ እኮ ነው ብዬ በትሕትና ባስረዳው፣ እንደገና ገብቶ ረገጠና በዚህኛው ዙር እየሮጠ ዞረ። ሩጫው ፈጣን ነበር፣ አይካድም፤ መብራቱ ግን ቀደመው። እኔ ልርገጥልህ ስለው የባለንብረት እግር አይታመንም አለኝ። እንግዲያው እዚያ እግሩን አነባብሮ የተቀመጠው ባልደረባህ ይርገጥ ብዬ ብለምነው፣ እሱ እኮ የፊት መብራት ክፍል ነው ብሎ ስለ ድንቁርናዬ አዘነልኝ።

አራተኛው ቅሬታ፣ ቅሬታ ከተባለ፣ የእርስዎ የራስዎ ምክር ነው። አቤቱታዬን በጥሞና፣ ማለትም ስልክዎን እየነካኩ፣ ካዳመጡኝ በኋላ፣ አሮጌውን ስዊች መልሰህ ግጠምና እለፍ፣ ምን ያጨቃጭቅሃል አሉኝ። እንዲህ ያለ ጥልቅ ሐሳብ ለማፍለቅ ስንት ዓመት ትምህርት እንደፈጀብዎ እያሰብኩ ወጣሁ። ምክርዎን ለመፈጸም ግን አልታደልኩም፤ አሮጌውን ስዊች ልጄ በደህናው እጇ መዶሻ ይዛ ደጃፋችን ድንጋይ ላይ ድምጥማጡን አጥፍታዋለች። አሁን እማማ ያለ ቦሎ ቆማለች። ልጆቹ ከባድ መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ዳር በእግራቸው ይሄዳሉ፣ እኔም ከፊት ከፊታቸው እየሄድኩ በየመታጠፊያው ቆሜ እቆጥራቸዋለሁ። በዚህ ተናድጃለሁ፤ በጨዋ ቋንቋ ልሸፍነው ብሞክርም እንዳልቻልኩ ሳይታይዎ አይቀርም።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፔዳል የሚረግጥ ሁለተኛ ሰው። በመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ከሌለ ልጄን ልልክልዎ እችላለሁ። ክንዷ በጄሶ ቢታሠርም ሁለቱም እግሮቿ ደህና ናቸው፤ ርገጪ ሲሏት ትረግጣለች፣ ልቀቂ እስኪሏትም አትለቅም።

ከቢጫው መስመር ወዲያ እንደቆምኩ፣ ለወንበርዎ ጽናት ለወገብዎ ብርታት እየተመኘሁ፣ በማይነጥፍ አድናቆት እጅ የምነሣዎ፣
የእማማ ሾፌር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያን ዕለት ከቢሮዎ ስወጣ ግቢው ውስጥ የእርስዎን መኪና አየሁ። ሾፌርዎ ሞተሩን አስነሥቶ ወርዷል፣ በሩን ከፍቶ ይጠብቅዎታል። ውስጡ ማንም የለም፤ የፍሬን መብራቱ ግን ቦግ ብሎ በርቷል። የፊት መስታወቱ ላይ አዲስ ቦሎ ተለጥፏል። ልነግርዎ ፈልጌ ነበር፤ ቸኩለው ስለነበር አልሰሙኝም። ገብተው ተቀመጡ፤ ከኋላ ወንበር።