ለሦስት ሰው የተያዘ ጠረጴዛ

ኪሲሚ፣ ፍሎሪዳ
ሐሙስ፣ ጁላይ 11

ለአባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ፣ ሄዘልና ትንሹ ወንድሟስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ እናቴም ደህና ናት። ቀኝ ጉልበትህን ግን ሐኪም አይቶልህ እንደሆነ ልጠይቅህ እፈልጋለሁ። ባለፈው ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ፋኖስ ቤት የሚባለውን የምግብ ቤታችንን ደረጃ ስትወጣ እያነከስክ ነበር።

ከየት አየሽኝ ትል ይሆናል። ፊት ለፊትህ ቆሜ ነበር። በመካከላችን የእንግዶች ዝርዝር የሚቀመጥበት ዴስክ ብቻ ነበር። ደረቷ ላይ «ፓት» የሚል ባጅ የለጠፈችው፣ አንተም ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈህ ለአለቆቿ የከሰስካት አስተናጋጅ እኔ ነኝ።

ይህ ደብዳቤ የይቅርታ ደብዳቤ መሆን ነበረበት። ክስህ በደረሰ በማግስቱ አለቃዬ ሎሬታ ቢሮዋ ጠራችኝና፣ እስከ ዓርብ ድረስ ለእንግዳው ይቅርታ ጽፈሽ ታመጫለሽ፣ ካልሆነ ሥራሽን እርሺው አለችኝ። ለናሙና የሚሆን ወረቀትም ሰጠችኝ። «ውድ እንግዳችን» ብሎ ይጀምርና «ዳግመኛ ለማስተናገድዎ በጉጉት እንጠብቃለን» ብሎ ያበቃል። አራት ጊዜ ሞከርኩት። አንተን «እርስዎ» ማለት ባልከፋ፤ «በጉጉት እንጠብቃለን» የሚለው ላይ ስደርስ ግን እጄ እንቢ አለኝ። አንተን በጉጉት መጠበቅ ምን እንደሚመስል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው እዚህ ድርጅት ውስጥ የለም።

ወደ ኦሃዮ የተመለስን መስሎህ ኖሯል፤ አለዚያማ ልጆችህን ይዘህ እዚህ መዝናኛ ፓርክ ድርሽ አትልም ነበር። በምን እንመለስ? መኪናውን አንተ ይዘኸው ሄድክ እንጂ። አሥር ዓመቴ ነበር። ለአራት ቀን የሚሆን የሦስት ሰው የምግብ ፓኬጅ አስቀድመህ ከፍለህ፣ የፋኖስ ቤትን ጠረጴዛ ደግሞ ከስልሳ ቀን በፊት በማለዳ ተነስተህ በስልክ ይዘህልን ነበር። ያን ጠዋት አልረሳውም። መስመሩ ተይዞብህ ደጋግመህ ስትደውል ቆይተህ በመጨረሻ «ገባን!» ብለህ ጮህክና ወጥ ቤት ውስጥ አንስተህ አሽከረከርከኝ። እዚህ በመጣን በሁለተኛው ቀን የበረዶ ባልዲውን ይዘህ ከሆቴሉ ክፍል ወጣህ። የበረዶው ማሽን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነበር። እናቴ ብርጭቆ ደርድራ ጠበቀችህ።

ያን ቀን አለቀሰች። በማግስቱ ግን ፊቷን ታጥባ፣ የእኔንም ፀጉር አበጥራ፣ «ተነሽ፣ ምግቡ ተከፍሎበታል፤ አንዲት ፍርፋሪ አይቀርም» አለችኝ። ፋኖስ ቤት ገባን። አስተናጋጇ ሦስት ሳህን ደርድራ አባወራው እየመጡ ነው ወይ ብላ ብትጠይቃት፣ «አንቺ ብቻ አምጪው፣ የሚበላው አይጠፋም» አለቻት። ለሁለት የሦስት ሰው በላን። በመጨረሻው ቀን ካንተ ድርሻ አሥራ አንድ የመክሰስ ኩፖን ተርፎ ነበር። ፓኬጁ ቀኑ ካለፈ ይቃጠላል፤ የማንም ልመና አይመልሰውም። ስለዚህ ከረሜላ መሸጫው ሄደን አሥራ አንዱንም በከረሜላ ቀየርነውና በትራስ ልብስ ተሸክመን ወጣን። እስከ ገና ድረስ ያንተን ከረሜላ ስበላ ከረምኩ። ያችው አስተናጋጅ ጉዳችንን ሰምታ ኖሮ ለአለቃዋ ነገረችና እናቴ በዚያው ሳምንት እዚሁ እቃ ማጠቢያ ተቀጠረች። እኔም ሃያ ዓመት ሲሞላኝ በሩ ላይ ቆምኩ። እንግዶች መቀበል ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጎበዝ ነኝ ደግሞ፤ ማንንም ጠይቅ።

የዕለቱ ዝርዝር የሚታተመው ጠዋት ነው። ስምህን ሳየው መጀመሪያ ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ነበር። ሦስት ሰው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር፣ የምግብ ፓኬጅ ያለው። ማስታወሻው ላይ ደግሞ «ልጃችን አሥር ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ጉብኝቷ ነው» ይላል። ያኔም ይህንኑ ነበር ያስጻፍከው። ቃል እንኳ አልቀየርክም።

እዚህ በመጀመሪያ ስማችን ብቻ ነው የምንጠራራው፤ ባጃችን ላይም የሚጻፈው እሱ ብቻ ነው። ባጁን ረስቶ የመጣ ሰው ከሳጥን ውስጥ ትርፍ ባጅ ይወስዳል፤ ለወንድም ለሴትም እንዲሆን ሁሉም ላይ «ፓት» ተብሎ ተጽፏል። እኔ አልረሳሁም። የራሴን አውልቄ ኪሴ ከተትኩና ፓትን ለጠፍኩ። ስሜን ያወጣህልኝ አንተ ነህ፤ አንብበህ እንድታውቀኝ አልፈለግሁም። በፊቴ እንድትለየኝ ፈለግሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ብታውቀኝ ኖሮ ምን እልህ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ይቅር እልህ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ በራሴ እናደዳለሁ።

መጣህ። ባጁን አነበብክ። «ስሚ ፓት፣ ርቦናል፣ ቶሎ በይልን» አልከኝና ዓይንህን ወደ ዝርዝሩ መለስክ።

ብቆጥራችሁ አራት ናችሁ። ዝርዝሩ ሦስት ይላል። ቤተሰብህን መቁጠር ድሮም ይቸግርሃል። ምነው ብዬ ብጠይቅህ፣ «ትንሹ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጭናችን ላይ ይቀመጣል» አልከኝ። እኛ በሩ ላይ የምንቆም ሰዎች ይህን ጨዋታ ጠግበነዋል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ፓኬጅ አይገዛለትም፣ በሰው ቁጥርም አይገባም፤ ስለዚህ ስንቱ ጎረምሳ እዚህ በር ላይ ሲደርስ ሕፃን ይሆናል! ያንተው ግን አላስችል ብሎት አራት ጣቱን ዘረጋና፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ «አራት! እኔ አራት ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «ዝም በል አንተ!» ብትለው፣ «የልደት ኬኬን ረሳኸው እንዴ?» አለህ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

ደንቡን በትሕትና ነገርኩህ። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ለሦስት ሰው በተያዘ ጠረጴዛ ላይ ወንበር አይጨመርም፤ ባለ አራቱ የሚለቀቀው ደግሞ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ነው። ያኔ ደም ሥርህ ተገታተረ። ከስልሳ ቀን በፊት በሌሊት ልብሴ ተነስቼ የያዝኩት ቦታ ነው፣ የከፈልኩት ለዚህ ነው ወይ ብለህ አምባረቅክ። ባለቤትህ እጅህን ይዛ «ተው በናትህ፣ ሰው ያየናል» ስትልህ አልሰማሃትም። ጣትህን ቀስረህ «ለመሆኑ አንቺን ያሳደገሽ ማነው? አሳዳጊ የበደላት!» አልከኝ።

ሳቅሁ። ክስህ ላይ «ፊት ለፊቴ ሳቀችብኝ» ብለሃል፤ አልዋሸህም። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ «ልክ ብለዋል ጌታዬ» አልኩህ። ይህንንም ሹፈት ነው ብለህ ጽፈኸዋል። ከልቤ ነበር።

በዚህ መሃል ሄዘል «የመጀመሪያ ጉብኝቴ» የሚለውን ክብ ባጅ ከደረቷ ላይ ስታወልቅ አየኋት። «ይቅር አባዬ፣ ሳንድዊች እንበላለን፤ እኔ ሳንድዊች እወዳለሁ» አለችህ። ሳንድዊች እንደማትወድ ያስታውቅባታል። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። አባቷ እንዳይከፋውና ጥሏት እንዳይሄድ ብላ የምትፈልገውን ሁሉ አስቀድማ የምትተው ልጅ ድምፅ ነው። ደንቡን የጣስኩት ለሷ ነው። «ግቡ» አልኩና ባጇን መልሼ ለጠፍኩላት። ይህ ክስህ ውስጥ የለም።

ገብታችሁ ስትቀመጡ አራተኛ ወንበር አልነበረም። ከወጥ ቤቱ መስኮት ሁሉንም ስታይ የቆየች አንዲት ሴትዮ፣ ሽርጧን ሳትፈታ፣ ራሷ የምታርፍበትን ወንበር ተሸክማ መጣች። አጠገብህ አስቀመጠችውና ትንሹን አንስታ አስቀመጠችው። አንተ ሜኑውን እያየህ «እማማ፣ እስቲ ለልጁ ትንሽ ማንኪያ» አልካት። እማማ! በሁለት ዓመት ታንስሃለች እኮ። «እሺ ጌታዬ» ብላ ማንኪያውን አመጣችልህ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ አሁን ቀና ይላል፣ አሁን ያያታል እያልኩ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ቀና አልክ፤ ዳቦ ይጨመርልን ልትላት ነው። ዳቦውንም አመጣችው።

ሎሬታ ሁለቱንም ገጽ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ፓት ባለጌ ናት፣ ፓት እንግዳ መቀበል አታውቅም፣ ፓት በልጆቼ ፊት አዋረደችኝ። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ የሚል አለ፤ «እዚያ ቤት ሰው የሚባሉት ወንበሩን ያመጡልን እናት ብቻ ናቸው። ለልጄ የራሳቸውን መቀመጫ ሰጡት። በእኔ ስም አመስግኑልኝ።» ድርጅታችን እንዲህ ያለውን ነገር አያሳልፍም፤ ቃልህን በወፍራም ወረቀት አሳትሞ ማህተም መትቶበታል።

ለሎሬታ አልጽፍም አልኳት። ሎሬታ ክፉ ሰው አይደለችም። ምን ይቸግርሻል፣ ሦስት መስመር ነው፣ ስለ አንድ ወንበር ብለሽ የአሥራ አንድ ዓመት ሥራ ልትጥይ ነው ወይ ብላ ለመነችኝ። ስለ ወንበሩ አይደለም ብላት፣ «ታዲያ ስለ ምንድን ነው?» አለችኝ።  መልሱ የሚገባው ላንተ ነው።

እንግዲህ ስማኝ። ይቅርታ አልጠይቅህም። በር ላይ ስላስቆምኩህ አልጠይቅም፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የቆምከው፣ ሰዓቱን አይቻለሁ። ስለ ሳቄም አልጠይቅም፤ ነገም ብትመጣና እንደዚያው ብትለኝ እስቃለሁ። በዚህ ጉዳይ ይቅርታ ያለበት ሰው አንድ ነው፣ እሱም ይህን ወረቀት በእጁ ይዟል። አድራሻህን ያወጣሁት ከእንግዶች መዝገብ ነው፤ ይህ ብቻውን ያስባርራል። ነገ ዓርብ ጠዋት አንዱን ቅጂ ለሎሬታ ሰጥቼ ሌላውን ፖስታ ቤት እጥለዋለሁ። ሥራ አላጣም፤ ባጣም አንተ ደስ እንዲልህ አንገቴን ከምደፋ ይሻለኛል። ናና እየን ብዬም አልለምንህም። ልታየን ካማረህ እንደማንኛውም እንግዳ ከስልሳ ቀን በፊት ጠይቅ፤ ቦታ ካለ እናያለን። ስትጠይቅ ግን የሰዉን ቁጥር በትክክል ጻፍ።

ምስጋናህን አድርሻለሁ። ከሥራ ወጥተን ወደ ቤት ስንነዳ መኪና ውስጥ ለእናቴ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችውና በሳቅ ፍርስ አለች፤ «ያውም በማህተም!» አለች። ቆይታ ደግሞ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወረቀቱ ላይ ከላይ ያንተ ሙሉ ስም፣ ከታች የሷ ሙሉ ስም ታትሟል፤ ሁለቱም የሚያልቁት በአንድ የቤተሰብ ስም ነው። ያተመው ልጅ የተሳሳተ መስሎት እቃ ማጠቢያው ድረስ ወርዶ ጠይቋት ነበር አሉ። «ስህተትስ ስህተት ነው፤ ግን ያንተ አይደለም፤ እንዳለ አትመው» ብላ መለሰችው።

ሄዘልን እግዚአብሔር ያሳድግልህ፤ የምትፈልገውን ጮክ ብላ የምትጠይቅ ያድርጋት። ትንሹንም እንዲሁ እውነቱን እንደተናገረ ያኑረው። ለባለቤትህ ትዕግሥቱን ያብዛላት። ላንተም ዕድሜ ይስጥህ፤ ይህን ደብዳቤ ደጋግመህ የምታነብበት ረጅም ዕድሜ።

የመጀመሪያ ልጅህ