የሼኩ አሥራ ሰባት ቁጥር

አባዬ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ከተለያየን ሦስት ዓመት አለፈ። ሠራተኛ አንድ ደቂቃ ሲዘገይብህ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በጣትህ ታሳየው የነበርክ ሰውዬ፣ አሁን ላንተ ማን ሰዓት ያሳይህ? የምጽፍልህ በእማዬ ቋንቋ ነው። ድሬዳዋ የባንክ ሥራ ስትማር አግብተህ ያመጣሃት ሴት ሀርጌሳ ያለውን ቤታችንን በአማርኛ ሞላችው፤ ፊደሉንም ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ደግሞ ጎረቤት አንስቶ እንዳያነበው ይመቻል። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ እንደቆመ ነው። ስህተት ካገኘህ በቀይ እስክሪብቶህ አስምርበት።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ከስደት ተመልሰናል። ቤቱ አለ፣ ጣሪያው የለም። ቆርቆሮውን ማን እንደወሰደው አይታወቅም፤ እማዬ ሸራ ወጥራበታለች። ደህና ናት፣ ልብስ ትሰፋለች። ሰማያዊዋ ክራባትህ ከፍርስራሹ ውስጥ ተገኘች፤ ፍየሏን አሰርኩባት። አትቆጣ፣ ካንተ ይልቅ እሷ ላይ ታምራለች። እማዬ አይታ ትስቃለች ብዬ ነበር። መቀሷን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። እስካሁን አላለቀስኩም፣ አባዬ። የጥርስ ሐኪም መርፌ እንደወጋው ድድ ሆኛለሁ፤ በምላሴ ስነካው የሌላ ሰው ይመስለኛል።

አርብ አርብ አየር ማረፊያው አጥር ድረስ ትወስደኝ አልነበር? አውሮፕላኑ ሲነሳ እጄን አውለበልብለት ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ የመንግሥት አውሮፕላኖች የደበደቡን ከዚያው ሜዳ እየተነሱ ነው። የመጀመሪያው በላያችን ሲያልፍ እጄ ከልማዷ የተነሳ ከፍ ብላ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

የዚያን ቀን ጠዋት ሼኩ አሥራ ሰባት ቁጥርን ይዘው ባንክህ ውስጥ ተራ ይጠብቁ ነበር። የከተማው ሰው ምክር ሲፈልግ ወደ እሳቸው መስጊድ ይሄዳል፤ እሳቸው ምክር ሲቸግራቸው ደግሞ ያንተ ባንኮኒ ፊት ይመጣሉ። እንደማንኛውም ደንበኛ ቁጥር የተቀረጸባትን ክብ ናስ ሰጥተህ አግዳሚው ላይ ታስቀምጣቸው ነበር። ሰዎች፣ "ሼክ ያስጠብቃል እንዴ?" ብለው ሲያንሾካሹኩ፣ "ሶላቱም በሰልፍ ነው" ትላቸዋለህ። ተራቸው ሲደርስ በዚያች በአፍንጫህ በምታወጣት ድምፅ ቁጥራቸውን ትጠራለህ። መልስ ሰጥተሃቸው ግን አታውቅም። ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፦ "ቢሳሳቱ ማን ይከፍላል?" ሼኩ ጢማቸውን ይዘው ያስባሉ፣ አመስግነውህ ይሄዳሉ። እኔ ከደጅ ሆኜ በድምፅህ ስደግመው ዘበኛው ይንከተከት ነበር።

ተኩሱ ሲጀምር "ነገ ትጠራላችሁ" ብለህ ሁሉንም ወደ ደጅ አስወጣህ። አንተ ልትቆልፍ ቀረህ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ፤ እኔ አልጽፈውም። ሼኩ ከቀበሩህ በኋላ አሥራ ሰባት ቁጥርን እንደያዙ ከእኛ ጋር ድንበር ተሻገሩ።

የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ያቺን ናስ በጣታቸው ሲያሿት ኖሩ። ኋላ ላይ ጦርነቱ በረደ ተባለ። ግማሹ ሰው "እንመለስ" አለ፣ ግማሹ "መንገዱ ሁሉ ፈንጂ ተቀብሮበታል" አለ። ሁሉም የሼኩን ቃል ይጠብቃል፤ እሳቸው አይናገሩም። ዝምታቸው ሰልችቶኝ ይሁን ልጆቹን ላስቅ ብዬ፣ እንጃ፣ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮዎች ደርድሬ ባንኮኒ ሠራሁ። ከኋላው ተቀመጥኩና አፍንጫዬን ይዤ "አሥራ ሰባት" ብዬ ተጣራሁ።

ልጆቹ ሳቁ። ሼኩ ተነሱ። ጥምጣማቸውን አስተካክለው ሜዳውን አቋርጠው መጡና ናሷን ቆርቆሮው ላይ አስቀመጡ።

"ሕዝቡን ልመልስ ወይስ ይቆይ?" አሉኝ።

ቀልድ ነው ልላቸው አፌን ስከፍት የወጣው ያንተው ነው፦ "ቢሳሳቱ ማን ይከፍላል?"

ጢማቸውን ያዙ። ከኋላቸው የተሰበሰቡትን ልጆች ዞረው አዩ። "እነዚህ" አሉ። ቀጥለውም፣ "እንግዲያው እኔ ልቅደም።" ናሷን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በማግስቱ ሄዱ። ከሳምንታት በኋላ መልእክት መጣ፤ በመስጊዱ በኩል ያለው መንገድ ደህና ነው፣ ከባንኩ ጀርባ ያለው ግን አይረገጥ። ይህን ያወቁት በግራ እግራቸው ነው። እኛ በደህናው መንገድ ገባን። ከልጆቹ አንድም አልጎደለም።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከጉልበታቸው በታች ባዶ የቀረውን ጨርቅ እያየሁ፣ "ያስከፈልኩዎ እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አንቺ ሰይጣን" አሉኝ። "የአባትሽን ሥራ ያለ ደመወዝ ሠራሽ፤ አሁን ደግሞ ልከሰስ ትያለሽ? ድምፁ ያንቺ እንደነበር አጥቼው ነው? ጥያቄው ግን የሱ ነበር።" ከዚያ ናሷን መዳፌ ላይ አኖሯት። "ተራዬ ደርሶ ተስተናግጃለሁ። መልሺለት።"

ባንክህ ጣሪያ የለውም፤ ባንኮኒው ግን ቆሟል። ናሶቹ የሚሰቀሉበት ሚስማርም አለ። ልሰቅላት ከፊት በር ገባሁ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ አልሰቀልኳትም። ደንቡን አውቃለሁ። ናስ ይዞ የወጣውን ሰው እስከ ገበያ ታባርረው ነበር። እስኪ ናና አባርረኝ።

መቼ እንደማለቅስ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ቃል እገባልሃለሁ፤ ከእንግዲህ ተንኮል ስሠራ እንኳ ጥያቄህን አስቀድሜ ራሴን እጠይቃለሁ፣ በአፍንጫዬ፣ ልክ እንዳንተ። አሥራ ሰባት ቁጥር አሁን ኪሴ ውስጥ ናት። እስክትጠራኝ አግዳሚው ላይ ነኝ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ አባዬ፤ አትቸኩል።

ያቺው ልጅህ