የእማዬን ፊት አታስዙሪው

ለእታለም ፈትለወርቅ፣ ደብረ ታቦር ይድረስልኝ።

እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? የኅዳር ብርድ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? ጋሼ ታደሰን ያ ሳል ለቀቃቸው? ልጆቹስ? እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ማለት ወጉ ነው፤ እውነቱን ልንገርሽና ከድካም በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ካልጋሪ፣ እኔ ባለሁበት ዋይትሆርን ሰፈር በረዶው ከጣለ ሰነበተ። በአረጋውያን መጦሪያው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ቆሜ እውላለሁ፣ ከዚያ ባቡር ላይ ቆሜ ኮሌጅ እሄዳለሁ። እግሬ የእኔ አልመስል ብሎኛል።

የምጽፍልሽ ስለ እማዬ ምስል ነው። በስልክ ከተነጋገርን ወዲህ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቻለሁ። ለሙት ዓመቷ ሰዓሊው በድሉ ከዚያችው ካለችን ከአንዲት ፎቶዋ ላይ በትልቁ ሊስላት ነው፤ ፎቶዋ ወደ ጎን ስለሆነ ግን ፊቷን ወደ ፊት አዙሮ ሁለተኛ ዓይን እንዲጨምርላት አዘሽዋል። እናቴን እንደ ኃጥእ በአንድ ዓይን ሰቅዬ የዘመድ መሳቂያ አልሆንም አልሽኝ። እኔም ያደግኩት በዚያው ነው። በደብራችን ግድግዳ ላይ ጻድቃኑ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ ይሁዳና ሰይጣን ግን ወደ ጎን ዞረው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ክፉው ማን እንደሆነ ማንም ሳይነግረን እናውቅ ነበር።

ይኸው ዕውቀቴ እዚህ ጉድ ሠራኝ። ሒሳብ አያያዝ የሚማር ሁሉ አንድ የጥበብ ኮርስ መውሰድ አለበት ተባልን። አብራኝ የምትሠራው ደመቀች፣ ኢዚ ነው፣ ስዕል ማየት ብቻ ነው፣ ሬጂስተር አድርጊ ብትለኝ የሥነ ጥበብ ታሪክ ገባሁ። ኢዚ አለች! መስመሩ፣ ብርሃንና ጥላው፣ የቀለሙ ቅንብር፣ ቅርቡና ሩቁ፤ የደከመ ዓይን ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል? በፈተናው አንድ የጥንት የጣሊያን መስፍን ከጎኑ ተስሎ መጣ። እኔም ምን ቸገረኝ፣ ይህ ሰው ከሃዲ ነው፣ ጌታውን ሳይሸጥ አይቀርም ብዬ በሙሉ ልቤ ጻፍኩ። ወደቅኩ። አንቺ ሳቂ፤ እኔ ባቡር ላይ አልቅሻለሁ።

አስተማሪዋ ጠርታ አስረዳችኝ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ በሳንቲም ላይ እንዳሉት ነገሥታት ከጎን መሳል ለመኳንንቱ ክብር ነበር አለች። የጻፍሽው ትርጉም ለአገርሽ ስዕል ልክ ነው፣ ለዚህኛው ግን አይሆንም፤ መጀመሪያ ዓይንሽ ያየውን ብቻ ጻፊ፣ ቀጥሎ ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደሠራው ጠይቂ፣ ፍርዱን ለመጨረሻ አቆዪው አለችኝ። ሌላ ምስል መርጬ እንደገና እንድጽፍም ፈቀደችልኝ። ቤተ መጻሕፍት ልዞር አቅም አልነበረኝም፤ ልጅሽ ኢየሩስ ከፍሬሙ አውጥታ በስልክ የላከችልኝን የእማዬን ፎቶ መረጥኩ።

እንደተባልኩት ከመስመሩ ጀመርኩ። ከግንባሯ እስከ አገጯ ያለው መስመር ቁርጥ ያንቺ ነው። ብርሃኑ ጉንጯ ላይ አርፏል፤ አንገቷ ዝቅ ብሏል። ፎቶ አንሺው ቸኩሎ አበላሸው ስንል ኖረናል አይደል? እስቲ ወዴት እያየች ነው ብዬ የዓይኗን አቅጣጫ ተከትዬ ወረድኩ። የሚያበቃው ጠርዙ ላይ ነው፣ የፍሬሙ እንጨት ሸፍኖት በኖረው ቦታ። እዚያ አንድ ትንሽዬ የልጅ እጅ የነጠላዋን ጫፍ ጨምድዶ ይዟል። እኔ ገና አልተወለድኩም፤ በቤቱ የነበርሽው ልጅ አንቺ ብቻ ነሽ።

እታለም፣ እማዬ የዞረችው አንቺን ልታይ ነው። በድሉ ወደ ፊት ካዞራት፣ የማታውቀውን ፎቶ አንሺ ለዘላለም ስታይ ልትኖር ነው። እባክሽ እንዳለች ይሳላት፤ እጅሽንም አይተውብሽ።

ለጋሼ ታደሰ እጅ ነሥቻለሁ፤ ማርና ዝንጅብሉን እንዳይተዉ። ኢየሩስን ጉንጯን ሳሚልኝ። ትንሹ ቅዱስ ያደገ እንደሆነ ቁመቱን ለክተሽ ላኪልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ ብዙአየሁን ሰላም በያቸው፤ በድሉም እንዳይቀየመኝ። ጽሑፉን ዛሬ አስገብቻለሁ፣ ውጤቱን እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ ጫማዬን አውልቄ ልረፍ።

ታናሽሽ ሰርክአዲስ
ካልጋሪ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.