ሳይታረም የቀረው ገጽ፦ የእመት ጥርሴ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ አፈር የምናለብሳቸው እናታችን የዛሬ ሰባ አራት ዓመት ከአናጺ አባታቸውና ከገበሬ እናታቸው ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከገበሬዎች ክበብ ግቢ ጀርባ ያለው፣ አሁን ባዶ ጆንያ የሚከመርበት ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከስድስት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ተወለደ፤ እናታቸው ግን ከዚያ ወሊድ አልተነሡም። እመት ጥርሴም ልጅነታቸውን ሳይጨርሱ እናት ሆኑ። ወንድማቸውን አዝለው ውኃ ቀዱ፣ አዝለው እንጨት ለቀሙ፣ አዝለው ትምህርት ቤት መስኮት ሥር ቆመው ፊደል ቆጠሩ። ክፍል ገብተው የተማሩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ወንድማቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል። ይህን የምናነሣው ለወቀሳ አይደለም ብንል ውሸት ይሆናል። ለወቀሳ ነው።

በሃያ ዓመታቸው ጉድጓድ ቆፋሪውን አባታችንን አገቡ። ለጋብቻው ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ነበር፤ ወንድማቸው አብሯቸው እንዲኖር። ሰዎች አባታችንን «ሚስት አገባሁ ብለህ ልጅ ጨምረህ መጣህ» እያሉ ሲያሾፉባቸው «እሱ ምርቃት ነው» ይሉ ነበር። ሦስት ልጆች ወልደው አሳደጉ። አባታችን ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ዐረፉ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሳያዩ በመሞታቸው እናታችን «ዕድለኛ ሰው ነበር» ይሏቸው ነበር።

የክበቡን ታሪክ ብዙዎቻችሁ በየዓመቱ ሲነበብ ትሰማላችሁ። በዚያ ታሪክ ውስጥ የእሳቸው ስም የለም፤ ስለዚህ እዚህ ይነበባል። የዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመት ከከተማ ነጋዴ የተገዛው የስንዴ ዘር ሳይበቅል ቀረ። መሬቱ እንደ ራሰ በራ ሰው ጭንቅላት እዚህም እዚያም ብቻ አቆጠቆጠ። ያን ጊዜ አሥራ አራት ገበሬዎች በአሮጌ የፈረስ ጋጣ ውስጥ ተሰበሰቡ። ተቀምጠው የተማከሩት በተገለበጠ ባልዲና በድንጋይ ላይ ነው። «ከእንግዲህ ዘራችንን ራሳችን በጋራ እናኑር» ያሉት እመት ጥርሴ ናቸው። «ማን ይጠብቀዋል?» ሲባል ሁሉም ወደ መሬት አየ። እሳቸው እጃቸውን አወጡ። ጋጣውን አጽድተው ለቅልቀው ጎተራ አደረጉት፤ ክበቡም የተመሠረተው ያን ቀን ነው።

የዘር ቤቱ ሥርዓት እንዲህ ነበር። ከመከር በኋላ እያንዳንዱ አባል ከስንዴው ምርጡን ሁለት ጆንያ ያመጣል። ጠባቂዋ ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ቀርከሃ ወደ ጆንያው ሰደው ከአናቱ፣ ከመሀሉና ከታቹ አንዳንድ ፍሬ ያወጣሉ። ባለቤቱ ፊት ቆመው ሦስቱንም በጥርሳቸው ይነክሳሉ። ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ይገባል። ከተላመጠ እርጥብ ነው፤ ጆንያው ተመልሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አንድ እርጥብ ጆንያ ጎተራ ሙሉ ዘር አሙቆ እንደሚገድል የማያውቅ ገበሬ የለም። «ጥርሴ» የተባሉት በዚህ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት የወጣ ዘር አልበቅልም ብሎ አያውቅም።

ልብስ ሰፊው፣ ሁለት ጊዜ ጆንያው የተመለሰበት፣ አንድ ቀን በንዴት «እመት፣ ጥርስሽ ያለቀ ዕለት ክበቡም አለቀለት ማለት ነው!» አላቸው።

«ያኔ ያንተን ምላስ እጠቀማለሁ፤ እሱ አያልቅም» አሉት።

ወንድማቸውን ለሊቀመንበርነት የጠቆሙትም እሳቸው ናቸው። «የተማረ ነው፣ ደብዳቤ ያነባል፣ ከመሥሪያ ቤት ሰው ጋር መነጋገር ያውቃል» ብለው። ተመረጠ። ይኸው እስከ ዛሬ ሊቀመንበር ነው።

የዛሬ ዐሥራ ሁለት ዓመት በመከር ማግሥት ዝናብ ያለጊዜው ጣለ። በዚያው ሰሞን ከላይኛው መሥሪያ ቤት እንግዶች ጎተራውን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። ሊቀመንበሩ ጎተራው እስከ ጣሪያው ሞልቶ እንዲታይለት ፈለገ። እናታችን ግን በዚያ ሳምንት ዘጠኝ ጆንያ መልሰዋል። ከዘጠኙ ሁለቱ የሊቀመንበሩ የራሱ ነበሩ።

«እትዬ፣ ለአንድ ቀን ነው። እንግዶቹ አይተው ይሂዱ፣ ከዚያ እናወጣዋለን» አላቸው።

«ወንድሜ፣ እንግዳው ይሄዳል፤ ሻጋታው ግን አይሄድም» አሉት።

በማግሥቱ ታናሽ ልጃቸው ምጥ ያዛት የሚል መልእክት ከከተማ መጣ። እናታችን አውቶቡስ ላይ ሊሳፈሩ ሲሉ የጎተራውን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ለወንድማቸው ሰጡት። «አደራ፣ እስክመለስ አንድ ጆንያ እንዳይገባ» አሉት። ልብስ ሰፊው ማቆሚያው ላይ ቆሞ ሰምቷል። ዛሬም እዚህ ተቀምጧል፤ አልሰማሁም የሚል ከሆነ ይነሣና ይናገር።

ከአምስት ቀን በኋላ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው፣ ስመው፣ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ጎተራው እስከ ጣሪያው ሞልቷል። እንግዶቹ አጨብጭበው፣ ፎቶ ተነሥተው ሄደዋል።

«እነዚያ ዘጠኝ ጆንያዎች ገቡ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«ደርቀው ነው የገቡት እትዬ። ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነበሩ፤ እኔው ራሴ አገላብጬአቸዋለሁ። አታምኚኝም?»

እዚህ ላይ እናታችን ራሳቸው «ሳትደብቁ ጻፉት» ያሉት ጥፋት አለ። ዘጠኙ ጆንያዎች ከሥር ነበሩ፤ ከላያቸው ሠላሳ ጆንያ ተጭኗል። ያንን አውርደው ቀርከሃውን መስደድ፣ ሦስት ሦስት ፍሬ ማውጣትና መንከስ ነበረባቸው። የማንንም ቢሆን ያደርጉት ነበር። የወንድማቸውን ግን አላደረጉም። በጀርባቸው ያዘሉትን ሰው ቃል መንከስ ከበዳቸው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሳይነክሱ የተቀበሉት እነዚያን ዘጠኝ ጆንያዎች ብቻ ነው።

የዘር ወቅት ደርሶ በሩ ሲከፈት ሽታው ሰውን ወደ ኋላ መለሰ። ከሥር ያሉት ጆንያዎች እጅ ሲገባባቸው ያቃጥላሉ። ስንዴው በቅሎ፣ ተቆላልፎ፣ እንደ ምንጣፍ ሆኗል። ሙቀቱ ከላይ ያለውን ደረቅ ዘርም ገድሎታል። ሃያ ስድስት ቤተሰብ በዝናብ መግቢያ ላይ ያለ ዘር ቀረ። ንዴታችሁ ትክክል ነበር። የተሳሳታችሁት ሰው ላይ ነው።

ስብሰባው በክበቡ አዳራሽ ሆነ። ወንበሩ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሏል።

«የጎተራው ቁልፍ የማን ነው?» ብሎ አንዱ ጮኸ።

«የእሷ ነዋ! የማን ሊሆን ነው?»

«የእኛን ስንዴ ስትመልስ እንደ ንግሥት ነበረች፤ አሁን ምን ትላለች?»

እናታችን ተነሡ። መድረኩ ላይ ወደ ተቀመጠው ወንድማቸው ዞረው «ቁልፉን ለማን ሰጥቼ ነበር ከተማ የሄድኩት? አንተ ንገራቸው» አሉት።

ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀ። በመሐረብ ጠረገው። መልሶ አደረገው። «የግል ነገር ከስብሰባ አይቀላቀል። ድምፅ ይሰጥ» አለ።

እጆች ወጡ። የእሱም እጅ ወጣ። የክበቡ ጸሐፊ የሆነው ፀጉር አስተካካይ በቃለ ጉባኤው መዝገብ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «በጎተራ ጠባቂዋ ቸልተኝነት የአባላት ዘር ስለጠፋ ከአባልነት ተሰናብታለች።» እናታችን የዚያኑ ዕለት ማታ ምድጃቸው አጠገብ ተቀምጠው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እጁን ሲያወጣ እጅጌው ተቀዶ አየሁት። ሚስቱ አትሰፋለትም እንዴ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር። መመለስ አልፈለጉም፤ ካሳም አልጠየቁም። ያ ገጽ እንዲታረም ፈለጉ። ምን ተብሎ እንደሚታረምም አዘጋጅተው ነበር፤ በሁለተኛ ክፍል ትምህርታቸው፣ በገዛ እጃቸው ጽፈውታል፦ «እርጥቡን ጆንያ ያስገባው ሊቀመንበሩ ነው። ጠባቂዋ እሱን አምና ሳትነክስ ዝም አለች።» የእሳቸው ጥፋት ከእሱ ጥፋት አጠገብ ይቀመጥ አሉ እንጂ ይፋቅልኝ አላሉም። ከዚህ የቀለለ ልመና አለ ወይ?

ዐሥራ አንድ ዓመት በየዓመታዊ ስብሰባው ሄዱ። አባል ያልሆነ ወንበር አይሰጠውምና በሩ ላይ ይቆማሉ። ዓመታዊው ሪፖርት ተነብቦ ሲያልቅ «ያ ገጽ ይነበብና ይታረም» ይላሉ። ጸሐፊው «አጀንዳ ላይ አልተያዘም እመት» ይላል። ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማል። አንድ ዓመት ልብስ ሰፊው «ኧረ ለእመት በሩ ላይ በርጩማ ስጧት፤ ከበሩ መቃን ጋር ልትበቅል ነው!» ብሎ አዳራሹን አሳቀ። ሊቀመንበሩ አንድም ቀን ቀና ብሎ አላያቸውም።

ግን ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ክበቡ እሳቸውን ካባረረ በኋላ የእህል እርጥበት የሚለካ መሣሪያ አመጣ። ባትሪው ባለቀ ቁጥር፣ ወይም ቁጥሩ ሲያጠራጥር፣ አባላቱ አንድ እፍኝ ስንዴ በኪሳቸው ይዘው በጓሮ በኩል ወደ ቤታችን ይመጡ ነበር። በፊት ለፊት በር ያሳቀው ልብስ ሰፊ በጓሮ በር «እመት፣ እስቲ ይቺን ቅመሽልኝ» ይል ነበር። እኛ ልጆቻቸው «አትንከሽላቸው!» እያልን እንቆጣለን። «ዘሩ ምን በደለ?» ይሉና ይነክሱላቸው ነበር። እርጥብ ከሆነ እርጥብ፣ ደረቅ ከሆነ ደረቅ ይላሉ። በክፋት እንኳ ዋሽተው ቢሆን ኖሮ የስንቶቻችሁ ማሳ ራሰ በራ ይሆን ነበር። የፊት ጥርሶቻቸው ሲረግፉ በመንጋጋቸው ነከሱላችሁ።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸውን ታመሙ። ስምንት ወር ከአልጋ ወደ ሆስፒታል ሲመላለሱ ወንድማቸው አንድ ጊዜ መጣ፤ ብርቱካን ይዞ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና አለቀሰ።

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«እኔማ ድሮ ይቅር ብዬሃለሁ። ገጹስ?»

«ገጹ እኮ የክበቡ ነው። እኔ ብቻዬን ምን ላደርግ እችላለሁ? ሃያ ስድስት አባወራ ፊት ዘር አጥፊ ልባል ነው?»

«ዐሥራ አንድ ዓመት እኔ የተባልኩትን አንድ ቀን ብትባል ትሞታለህ?»

እናታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ብርቱካኑን ይዘህ ሂድ፤ እኔ ማኘክ ትቻለሁ» አሉት። ከዚያ በኋላ አልተያዩም። እሱ ከወጣ በኋላ እኛን ልጆቻቸውን ጠርተው ይህ ጽሑፍ እንዴት እንደሚያልቅ ነገሩን። የሚከተለው የእኛ ብልሃት አይደለም፤ የእሳቸው ትእዛዝ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ በቤታቸው፣ በልጆቻቸው መሀል ዐረፉ። ማታውን ክበቡ ሁለት ሰው ላከ። አስከሬኑን አባላት እንዲሸከሙ፣ ሊቀመንበሩም ንግግር እንዲያደርግ ጠየቁ። «መዝገቡን ይዛችሁ ኑ» አልናቸው። «ለቅሶ ላይ መዝገብ ምን ይሠራል?» ብለው ተመለሱ። ትናንት ደግሞ ሊቀመንበሩ ይህ ወረቀት ወደሚታተምበት ቤት ሄዶ ስሙ ከሐዘንተኞቹ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ጠየቀ። አታሚው «ጋሼ፣ እኔ የማትመው ቤተሰቡ የሰጠኝን ነው» አለው። «እኔ ቤተሰብ አይደለሁም?» ብሎ ጮኸ። ጥያቄው ለአታሚው አልነበረም፤ ስለዚህ መልሱን ከዚህ በታች አትመንለታል።

እመት ጥርሴ በሐዘን ትተዋቸው የሄዱት አናጺውን ወንድ ልጃቸውን፣ ገበሬዋን ሴት ልጃቸውን፣ ነርሷን ታናሽ ልጃቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን እንዲሁም ወንድማቸውን

. . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . .

ነው።

ቦታው ባዶ የተተወው በስሕተት አይደለም። የክበቡ ቤት ከዚህ መቶ እርምጃ አይርቅም፤ ቁልፉም በሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው። ሄዶ መዝገቡን አምጥቶ፣ እናታችን በጻፉት ቃል ገጹን እዚህ ሕዝብ ፊት ካረመ፣ በዚያው እስክሪብቶ ስሙን በባዶው ቦታ ላይ ይጻፍ። የሬሳ ሣጥኑንም ከፊት በኩል ይያዝ። እኛ እንጠብቃለን፤ አፈሩ አይቸኩልም። ካልመጣ ግን እናታችን የሌላ ሰው ወንድም አሳድገው ሞቱ ማለት ነው።

እውነቱን የሚያውቅ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደግ ቦታ ያሳርፍልን። በእሱ ዘንድ በተጻፈው ላይ ድምፅ አይሰጥበትም።