የእታፈራሁ በጎች በእኔ ደጅ

የካቲት 1 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ጉረኖውን ጠረግሁ። ገብስ ቆላሁ። ሱፍ ልፈትል ደጅ ተቀመጥኩ። ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰብኝ፤ እታፈራሁ በደጄ እያለፈች ነዋ። ከመሐል ሜዳ ከተማ፣ ከክፍያ መመለሷ ነው። አዲስ ነጠላ ለብሳለች። ስኳር በፌስታል አንጠልጥላለች። ደህና ዋልሽ እትዬ ብርቄ አለችኝ፣ ደህና ዋልሽ አልኳት። አፌ ነው እንጂ ሆዴ እንዲያ አላለም።

አንቺ ደብተር፣ ከልጄ ከጥሩወርቅ የተረፍሽ ስለሆንሽ የቤቱን ጉድ የምታውቂ ይመስለኛል። ለካ ምንም አታውቂም። እታፈራሁ የባሌ የተክሌ ወንድም ሚስት ናት። ወንድሙ ካቻምና አረፈ። ትንንሽ ልጆች ትቶባታል። እሷም ከወደቀች ወዲህ ታነክሳለች። ስለዚህ ሴፍቲኔት የሚሉት የመንግሥት እርዳታ ሲመጣ፣ ሌላው ድሃ መንገድ እየቆፈረ የሚቀበለውን እሷ ሳትቆፍር በእጇ ጥሬ ብር ይሰጧታል። እኛ እንቆፍር ብንልም የለንበትም። ለምን? በግ አላችሁ ተባልን። በጎቹ የማን ናቸው? የእሷ!

የቀረውን ነገ።

የካቲት 2፣ ዓርብ

የበጎቹን ነገር ልጨርስልሽ። ባሏ ሲሞት የሚያግድላት ጠፋ። ተክሌ በርቢ ወደ እኛ ነዳቸው። እናቶቹ የእሷ፣ የሚወለደው እኩል። ያገሩ ወግ ነው፣ አዲስ ነገር የለበትም። ግን የሟች ወንድምን በግ በእኩሌታ አረባለሁ ብሎ ሰው ፊት መናገር ለተክሌ ሞቱ ነው። የወንድሙን ልጆች አጥንት ይግጣል ይሉኛል ብሎ ይፈራል።

እና የሴፍቲኔቱ ምልመላ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር እነዚህ በጎች የማን ናቸው ሲለው፣ የኔ መንዜ ብድግ አለ፣ ጋቢውን አጣፋ፣ የኔ ናቸው አለ! ተቀመጠ። እኛ ባለጸጋ ሆንን፣ እሷ ባዶ እጇን የቀረች ተባለች። ግልገሎቹ አድገው ጠቦት ሆነዋል፣ ከእሷ እንካፈል ስለው ደግሞ መልሱ አንድ ነው። እሷ ሳታነሣው እኔ ከመበለት አልጠይቅም፣ ነውር ነው።

ነውር አይበላ፣ አይለበስ።

የካቲት 4፣ እሑድ፣ ቅበላ

አምና ቅርጫ የገባነው እኛ ነበርን። ከድርሻችን ቆርጬ ለእታፈራሁ ስልክላት ደጄ ድረስ መጥታ መርቃኝ ነበር። ዘንድሮ ተክሌ አልገባም። መ/ሜዳ ለምትማረው ለጥሩወርቅ የቤት ኪራይ ይሁን ተባብለን ተውነው። ኪራዩም አልሞላ። እታፈራሁ ገባች። በራሷ ስም። ዕጣው ሲጣል እንደ አባወራ ተጠራች።

ከሰዓት በኋላ ሥጋ በሳህን ላከችልኝ። ከጉበቱም ከጎድኑም አድርጋ። ምን ላድርግ፣ ሠራሁት። ልጆቹ በሉ። ተክሌ ጣቱን ላሰ። እኔም በላሁ። ጣፍጦኝ ነው የበላሁት። ሳህኗን ሳጥብ እንባዬ መጣ።

ብሩን ነው የምቀናው? አዎ፣ ብሩንም። የባሰብኝ ግን ሌላ ነው። ድሮ እሳት ልትጭር ትመጣ ነበር። ጨው ልትበደር፣ ወንፊት ልትዋስ። እኔ እሰጣለሁ፣ እሷ ትመርቃለች። ደግ ሴት ነበርኩ። ደግ መሆኔን እንዴት እወደው እንደነበር ያወቅሁት አሁን ነው። ይኸው አሁን ሳህኗን የምመልስ እኔ ሆንኩ። ባዶውን እንዳልመልስ ቆሎ አደረግሁበት።

የካቲት 5፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ከምላሴ በስተቀር ሁሉን ጾሜአለሁ።

የካቲት 8፣ ሐሙስ

ተክሌ ከማለዳ ጀምሮ የእታፈራሁ ጣራ ላይ ነው። የጓሳ ሣር ገዝታ በፈረስ አስጭና አስመጣች። ቤቷ አዲስ ሆነ። የእኛ ጣራ በጓዳ በኩል ማፍሰስ ከጀመረ ክረምት አለፈው።

ምሳ እዚያው በላ። ሽሮዋ እንዴት ነው አልኩት፤ ደህና ነው አለኝ። ደህና! የእኔን ሽሮ ደህና ብሎት አያውቅም፤ ዝም ብሎ ነው የሚበላው። የወንድሜ ቤት እኮ ነው ይለኛል ደግሞ። ይሁን፣ ይኼስ የማን ቤት ነው?

ክፉ አታስቢብኝ። በመካከላቸው ምንም የለም፣ አውቃለሁ። እሷም ጨዋ ናት። ጨዋ ባትሆን ደግሞ እንዴት በቀለለኝ! ሰድቤ ይወጣልኝ ነበር።

የካቲት 12፣ ሰኞ

መ/ሜዳ ትምህርት ተከፍቷል። ዘጠነኛ ክፍል፣ ሁለተኛው አጋማሽ። የመንደሩ ልጆች ስንቃቸውን ተሸክመው ወረዱ። ጥሩወርቅ ቀረች። አከራይዋ ያለፈው ሳይከፈል ክፍሉን አልሰጥም ብላለች። ስንቁም ገና ነው።

ልጄ ዩኒፎርሟን አጥባ አሰጣች። ደረቀ። አጣጠፈችው። ከዚያ እኔ አጠገብ ተቀምጣ እንዝርት አነሣች። ክሩ ቀጭንና እኩል ነው። ጎበዝ ፈታይ ይወጣታል አሉ ጎረቤቶች። በስመ አብ! እኔም ስምንተኛን እንደጨረስኩ ጎበዝ ፈታይ ይወጣታል ተብዬ ነው የተዳርኩት። ከወዲያ ማዶ ሽማግሌ ሊልኩብን ነው የሚል ወሬም አለ። ዘንድሮ ከቀረች ቀረች ማለት ነው።

ወሬ፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅሬታ ሰሚዎች ቀበሌ ጽ/ቤት ይቀመጣሉ። ያለአግባብ የተዘለለም፣ ያለአግባብ የገባም ይታያል ተብሏል። አንድ ቃል ነው የሚበቃኝ። በጎቹ የእታፈራሁ ናቸው። ብቻ። እኛ እንገባለን፣ እሷ ትወጣለች።

ጻፍኩት። አላስደነገጠኝም። ይኼ ነው ያስደነገጠኝ።

የካቲት 16፣ ዓርብ፣ ኪዳነ ምሕረት

ለተክሌ ነገርኩት። ጮኸ። የወንድሜን ልጆች ጉሮሮ ልትዘጊ ነው አለኝ። አንተ የልጅህን ዘግተህ የለም ወይ አልኩት። ብድግ ብሎ ወጣ። በጎቹን ሲቆጣ ሰማሁት፣ እነሱ ምን አደረጉ?

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አልገባሁም። ይህን በሆዴ ይዤ ምን ብዬ? ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አስቀደስኩ። እታፈራሁ ልጇን አዝላ ስትወጣ አየችኝና አሞሽ ነው ወይ ብላ ግንባሬን ነካችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። እጇ ሞቃት ነው።

የካቲት 17፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

እሷ መጣች! ደጄ ላይ ያለው መደብ ላይ ተቀመጠች። ተክሌ ነገራት ወይስ ራሷ ሰማች፣ አላውቅም። እንዲህ አለችኝ፤ ቃል በቃል ልጻፈው፦ «እትዬ፣ ነገ እኔው ተነሥቼ በጎቹ የኔ ናቸው እላለሁ። ጥሩወርቅ ከምትቀር የኔው ብር ይቅር። እኔስ ከነልጆቼ በናንተው ተሸሽጌ የለ?»

ስለ ጠቦቶቹም አነሣች። እናንተ ዝም ስትሉ ለየቲሞቹ የተዋችሁልን መስሎኝ ነበር አለች። በሩ ላይ የቆመውን ተክሌን ዞሬ አየሁት። እሱ የእሷን አፍ ይጠብቃል፣ እሷ የእሱን አፍ ትጠብቃለች፣ መሐል ላይ ልጄ ከትምህርት ቀረች! ተክሌ ምን አለ? ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አንገቱን ደፋ፣ ይደር አለ። ስለ ጠቦቶቹም ይደር፣ ስለ ስብሰባውም ይደር። ከዚያ ጫማዋን አስተካክሎ አቀበላት።

እኔ ምን ማለት ነበረብኝ? እግዜር ይስጥልኝ። አልኩም። ግን ሳምንቱን ሙሉ ልጥላት ሳሴር ከረምኩ፣ እሷ አንድ ጊዜ ብቅ ብላ ሁሉን ልትሰጠኝ! ብሩ የእሷ፣ ጣራው የእሷ፣ የባሌ እንባ የእሷ። አሁን ደግሞ ደግነቱንም ወሰደችብኝ።

የካቲት 18፣ እሑድ፣ ጠዋት

በጊዜ ተነሣሁ። አስቤ ጨርሻለሁ። ቶሎ ቶሎ ልጻፈው፣ የቅዳሴው ደወል ሊደወል ነው።

ዛሬ እታፈራሁ ከተናገረች እኛ እንገባለን። ጥሩወርቅም ትሄዳለች። ግን አገሩ ሁሉ ምን ይላል? እታፈራሁ ከልጆቿ አፍ ነጥቃ የብርቄን ልጅ አስተማረች ይላል። እውነትም ነው። ልጄ በከፈተችው መጽሐፍ ሁሉ የእሷ ምጽዋት ይኖራል። እኔም እስክሞት ድረስ ሳህኗን እያጠብኩ ስመልስ ልኖር ነው። አይሆንም! ለልጆቿ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ። አዝኛለሁ፣ ትንሹ ልጇ ትናንት ቆሎዬን ከመዳፌ ሲለቅም አንጀቴን በልቶታል። ዋናው ነገር ግን እሱ አይደለም። ዋናው ነገር፣ እሷ ከእኔ እንድትበልጥ አልፈልግም።

ስለዚህ ቀድሜ እነሣለሁ። ተክሌ አምና ያለውን እኔ ዛሬ በሕዝብ ፊት እደግመዋለሁ፤ በጎቹ የኛ ናቸው፣ ቅሬታ የለንም። እሷ ብሯን ትያዝ። ኋላ ላይ ደጇ ሄጄ፣ ተክሌ አፈረም አላፈረም፣ ጠቦቶቹን አካፍይኝ እላታለሁ። ያ ምጽዋት አይደለም፣ ጠርጌ አብልቼ ያሳደግሁት ድርሻዬ ነው። ተሽጦ ኪራዩ ይከፈላል። ጥሩወርቅን በዚህ ሳምንት እኔው ራሴ መ/ሜዳ አደርሳታለሁ። ነውሩ? እኔ እሸከመዋለሁ፣ ከእንስራ አይከብድም።

ደብተሬ፣ ቆይ። በደጁ ሰው አለፈ። በትር ይሰማኛል። እሷ ናት! ስለምታነክስ ሰው እንዳይቀድማት ከአሁኑ ተነሥታለች። ያን ነጠላዋን ለብሳለች። ጥሩወርቅ፣ ጫማዬን አቀብይኝ፣ ቶሎ በይ፣ ጠምዛዛውን መንገድ ሳትወጣ ደርሼ ልቅደማት።